ልጁ ያልተናገረው ስላላላመጠ ነው? አመጋገብና አፍ መፍታት የሚገናኙባቸው መንገዶች

ሁለት ዓመት ሞልቶት ገና ቃል ያላወጣ ልጅ ያለው ወላጅ በዚህ ዘመን ምክር አያጣም። አንዱ አጭር ቪዲዮ «የላመና የተፈጨ ብቻ ስለምታበሉት መንጋጋው አልጠነከረም፣ ለዚህ ነው የማይናገረው» ይላል። ሌላው ጥፋቱን ስኳር ላይ ያደርጋል። ሦስተኛው ስንዴና ወተት ከማዕዱ ካልወጡ ልጁ አፉን አይፈታም ባይ ነው። ጎረቤት ደግሞ «አባቱም የዘገየ ነበር፣ ይናገራል ተዉት» ብሎ ያረጋጋል። ወላጅ አንዱን ምክር ሲይዝ ሌላውን ሲጥል ወራት ያልፋሉ፤ እነዚያ ወራት ደግሞ ለልጁ እጅግ ውድ ናቸው።

ምግብ የልጅን ንግግር ይነካል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በብዛት የሚነገረው መንገድ፣ ማለትም የመንጋጋ ጥንካሬ፣ ከመንገዶቹ ሁሉ ደካማው ነው። ጠንካሮቹ መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ምግብ አንጎልን የሚገነባበት፣ አመጋገብ ጆሮን የሚጠብቅበት ወይም የሚጎዳበት፣ በማዕድ ዙሪያ ከልጁ ጋር የሚደረገው ወሬ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ንግግርና ቋንቋ

ባለሙያዎች ሁለት ነገሮችን ለይተው ያያሉ። ንግግር የሚሉት ድምፅ የማውጣቱን ሥራ ነው። ሳንባ አየር ይገፋል፣ የድምፅ አውታር ይርገበገባል፣ ምላስ፣ ከንፈር፣ መንጋጋና ላንቃ ድምፁን ቅርጽ ያስይዙታል። ቋንቋ የሚሉት ደግሞ ቃልን መረዳት፣ ማስታወስና ከሌላ ቃል ጋር ማገናኘትን ነው። «ኳስ» ማለት ፈልጎ «ታስ» የሚል ልጅ የድምፅ አወጣጥ ይጎድለው ይሆናል እንጂ ኳስ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ እንዲሰጡትም ይጠይቃል። «ጫማህን አምጣ» ሲባል ወደ ጫማው ዞር የማይል፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያመለክት የሁለት ዓመት ልጅ ችግሩ ከአፉ ይልቅ ወደ ጆሮው ወይም ወደ ቋንቋው ያደላል።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰራጨው ምክር አብዛኛው የሚያተኩረው አፍ ላይ ነው። «አልናገርም አለ» ተብለው ወደ ባለሙያ የሚመጡት ሕፃናት ግን በብዛት የሁለተኛው ዓይነት ናቸው። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ማላመጥ አፍ ያስፈታል?

ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የምናላምጥበትም የምንናገርበትም አካል አንድ ነው። በ1998 በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ፒተር ማክኔሌጅ የሰው ንግግር መነሻው የማላመጥ ምት ሊሆን እንደሚችል በሰፊው ተከራክሯል። ሕፃናት «ባባባ»፣ «ማማማ» ሲሉ የሚሰማው መንጋጋ ከፍ ዝቅ ሲል የሚፈጠር ድምፅ ነው፤ ምላስና ከንፈር በየራሳቸው የሚታዘዙት ቆይተው ነው። ብዙዎች ይህን ክርክር ጠቅሰው «እንግዲህ ብዙ የሚያላምጥ ልጅ ቶሎ ይናገራል» ይላሉ። ማክኔሌጅ የሚናገረው ግን ንግግር በሰው ዘር ውስጥ በረጅም ዘመን እንዴት እንደ መጣ ነው። አንድ ልጅ ዛሬ ካሮት ቢቆረጥም በሚቀጥለው ወር ምን ይላል ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ይህንን የሚመልስ መለኪያ አለ። በ1996 ክሪስቶፈር ሙርና ባልደረባው ገና መናገር በጀመሩ ሕፃናት መንጋጋ ላይ የጡንቻን እንቅስቃሴ የሚመዘግቡ መሣሪያዎችን አድርገው ሲያላምጡ፣ ሲጠቡና ድምፅ ሲያወጡ የሚሆነውን አነጻጸሩ። ሲያላምጡ መንጋጋን የሚዘጉት ጡንቻዎችና የሚከፍቱት ተራ በተራ ይሠራሉ። ድምፅ ሲያወጡ ግን ቅንብሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ያው ጡንቻ ነው፣ ትዕዛዙ ግን ይለያያል። ደግሞም ለመናገር የሚያስፈልገው የጡንቻ ኃይል ጥቂት ነው፤ የሚከብደው ፍጥነቱና ትክክለኛነቱ ነው፣ ያ የሚገኘው ደግሞ በመናገር ነው።

ፊሽካ ማስነፋት፣ በስትሮ ማስጠጣት፣ ምላስን በማንኪያ መግፋትና የመሳሰሉት የአፍ ልምምዶችም በዚሁ ሚዛን መታየት አለባቸው። በ2009 በአሜሪካ የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ እነዚህ ልምምዶች ንግግርን እንደሚያሻሽሉ የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ወላጅ ለእነሱ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ይህን ማወቅ መብቱ ነው።

ታዲያ የላመ ምግብ ላይ መቆየት ጉዳት የለውም ማለት ነው? አለው፤ ጉዳቱ ግን ከንግግሩ ይልቅ አመጋገቡ ላይ ነው የሚታየው። በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማና አካባቢው በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተወለዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን የተከተለ ጥናት፣ ከ9 ወር በኋላ ነው ጎርበጥ ያለ ምግብ የቀመሱት ልጆች 7 ዓመት ሲሞላቸው ይበልጥ መራጭ ሆነው፣ አትክልትና ፍራፍሬም ያነሰ ሲበሉ አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ከዚህ ጋር ይስማማል። በ6 ወር የተፈጨ ይጀመራል፣ በ8 ወር ገደማ ልጁ በእጁ የሚይዘው ለስለስ ያለ ምግብ ይጨመራል፣ በ12 ወር ከቤተሰቡ ማዕድ መብላት ይችላል። የበሰለ ድንች፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በወጥ የራሰ የእንጀራ ፍትፍት ይበቃሉ። ለመንጋጋ ይጠቅማል ተብሎ ቆሎ፣ ለውዝ ወይም ፈንዲሻ ለትንሽ ልጅ መስጠት ግን አደገኛ ነው፤ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ወደ አየር ቧንቧ ገብተው ሊያፍኑት ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን ወላጆች በትክክል ያስተውላሉ፤ ጎርበጥ ያለ ምግብ የሚያስታውከው ልጅና ያልተናገረው ልጅ አንዳንዴ ያው አንድ ልጅ ነው። ይህ ሲሆን አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት ላይሆን ይችላል። የጡንቻ መላላት፣ በወሊድ ጊዜ የደረሰ የአንጎል ጉዳት፣ የላንቃ ክፍተት፣ ኦቲዝም፣ እነዚህ ሁሉ መብላትንም መናገርንም በአንድ ጊዜ ያውካሉ። ሁለት ዓመት አልፎት ለሃጩ ያለማቋረጥ የሚወርድ፣ በሚውጥበት ጊዜ ትን የሚለው፣ ከተፈጨ ሌላ የማይቀበል ልጅ ካሮት እንዲቆረጥም ከመገደዱ በፊት በሐኪም መታየት አለበት። የአበላሉ ችግር እዚህ ላይ ምልክት ነው።

ስለ አፍ ከተነሳ እንጥል ማስቆረጥም ሳይጠቀስ አይታለፍም። እንጥል ከላንቃ ጋር ተባብሮ አየር በአፍንጫ እንዳያመልጥ ይረዳል፤ መቆረጡ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ ለልጁ ምንም ጥቅም የለውም። ምላሱ የታሰረ፣ ማለትም ከምላሱ ሥር ያለው ስስ ሥጋ ያጠረበት ልጅም መጥባት ሊቸግረው ይችላል፤ የቃላትን መጀመር እንደሚያዘገይ ግን አሳማኝ ማስረጃ የለም።

ጡጦውና ጆሮው

በ2009 የታተመና በደቡብ ቺሊ፣ በፑንታ አሬናስ ከተማ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውን 128 ልጆች ያየ ጥናት፣ ጣት መጥባትና ለማባበያ የሚሰጠውን የጎማ ጡት ከሦስት ዓመት በላይ መጥባት ከድምፅ አወጣጥ ችግር ጋር አብረው እንደሚታዩ አሳይቷል። ጡጦ ቢያንስ እስከ 9 ወር ያልቀመሱት ደግሞ ችግሩ በጣም ቀንሶ ታይቶባቸዋል። አጥኚዎቹ ራሳቸው ውጤቱ ዝምድናን እንጂ መንስኤን እንደማያረጋግጥ አስጠንቅቀዋል። ጡት ረጅም ጊዜ የሚያጠቡ ቤቶች በሌላም ብዙ ነገር ሊለዩ ይችላሉና ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው።

ከዚህ ይልቅ ጸንቶ የቆመው የጆሮ መንገድ ነው። በሕፃን ላይ ጉሮሮን ከመካከለኛው ጆሮ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ አጭርና ወደ አግድም የተዘረጋ ነው። ልጁ በጀርባው ተኝቶ ጡጦ ሲጠባ ወተቱ ወደዚያ ሊያመራ ይችላል፣ ጀርምም ይከተላል። ጆሮው ያመረቅዛል፣ አንዳንዴ መግል ይፈሰዋል። ቁስሉ ቢድንም ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ለሳምንታት ሊቀር ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ልጁ የሚሰማው ጆሮውን በጣቱ የደፈነ ሰው እንደሚሰማው ነው። ሲጠሩት ይዞራል፣ በር ሲንኳኳ ይሰማል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። እንደ «ፍ» እና «ስ» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ግን አይደርሱትም። አንዴ ቢሆን ብዙም አይጎዳም። በሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት ሲደጋገም ግን ልጁ ቃላትን የሚለቅምበትን ጊዜ ይበላበታል።

ጡት ማጥባት የጆሮ ኢንፌክሽንን ይቀንሳል። ጡጦ የግድ ከሆነም ልጁን ቀና አድርጎ ማቀፍና ጡጦውን አፉ ውስጥ ትቶ አለማስተኛት ይረዳል። «ጆሮው ፈሰሰ፣ ልጅ ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው አነጋገር በየሰፈሩ ይሰማል፤ እኔ እንደማምነው ከአፍ መፍታት መዘግየት ጋር በተያያዘ በአገራችን ትልቁ የተዘነጋ ጉዳይ ይኸው ነው።

አንጎልን የሚገነባው ምግብ

አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ሲጎድል ቋንቋ ምን እንደሚሆን በግልጽ ያሳየ አሳዛኝ ታሪክ በእስራኤል አለ። በ2003 ረሜዲያ በሚባል የንግድ ስም ይሸጥ በነበረ፣ ጀርመን ውስጥ በተመረተ የአኩሪ አተር የሕፃናት ወተት ውስጥ ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ሊኖር ከሚገባው እጅግ አንሶ ተገኘ። የሞቱና በጽኑ የታመሙ ሕፃናት ነበሩ። ሌሎች ብዙዎች ደግሞ ያንኑ ወተት ጠጥተው ምንም ግልጽ የነርቭ ምልክት ሳያሳዩ አደጉ፤ ሁሉም ደህና መሰሉ። በ2011 የታተመው የቴል አቪቭ ተመራማሪዎች ጥናት እነዚህን ልጆች ከ5 እስከ 7 ዓመት ሲሞላቸው መረመረ። ከ59ኙ 57ቱ ዓረፍተ ነገር በመረዳትና በማዋቀር ወይም ቃል በማስታወስ ላይ ችግር ነበረባቸው። ያንን ወተት ካልጠጡት 35 ልጆች ችግሩ የታየው በ3ቱ ላይ ብቻ ነበር።

የእነዚህ ልጆች መንጋጋ ጤናማ ነበር። ጉድለቱ የደረሰው አንጎል የቋንቋን ሥርዓት በሚዘረጋበት የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ የታየው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ልጁ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ሲፈለግበት ነው። የምግብ እጥረት በቋንቋ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ እንዲህ ዘግይቶ ነው የሚገለጠው።

ጤፍና ጥራጥሬ በሚበላበት ቤት ቲያሚን ዋናው ስጋት አይደለም። ዋናው ስጋት አይረን፣ ማለትም የብረት ማዕድን ነው። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን በግምት ለስድስት ወር የሚበቃ የብረት ክምችት ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የእናት ጡት ብቻውን አይበቃውም። አይረን ለደም ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው፤ የነርቭ ገመዶች መልእክት በፍጥነት እንዲያሳልፉ የሚሸፈኑበት ስብ መሰል ልባስ እንዲሠራም ያስፈልጋል። በ1998 በቺሊ የተደረገ ጥናት የብረት እጥረት የደም ማነስ ባለባቸው የ6 ወር ሕፃናት ላይ ድምፅ ከጆሮ ወደ አንጎል የሚጓዝበት ፍጥነት መዘግየቱን ለካ። ሕፃናቱ ታክመው ደማቸው ተስተካከለ። አራት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው እንደገና ሲለኩ ግን መዘግየቱ አሁንም አለ። ልጁ ይሰማል፤ የሰማው ግን ወደ አንጎሉ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

አዮዲን ሌላው ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ገና በእናት ማኅፀን ነው፤ እጥረቱ ሲከፋ የአእምሮ እድገትንም መስማትንም ይጎዳል። እንቅርት በብዛት ይታይባቸው በነበሩ የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ይህ የቆየ ችግር ነው። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ2011 ወጥቷል። አዮዲን በሙቀትና በአየር ስለሚተን ጨውን ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር የሚመከረው ለዚህ ነው።

የእኛ ማዕድ

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ብቻ አይደለም። የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆች 57 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። የሁሉም መነሻ የብረት እጥረት አይደለም፤ ወባና የአንጀት ትላትልም ድርሻ አላቸው። በ2019 የወጣው የዚሁ ጥናት አነስተኛ ዙር ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 37 በመቶው እንደቀነጨሩ፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ውስጥ በዓይነትም በድግግሞሽም ዝቅተኛውን መመዘኛ የሚያሟላ ምግብ የሚያገኙት 11 በመቶው ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ችግሩ የቆየ ነው፤ መንግሥት በ2015 ያወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም መቀንጨርን እስከ 2030 ለማስቀረት ያለመ ነው።

ድህነት ትልቁ ምክንያት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። እንቁላል ከቤት ጓሮ ተለቅሞ ገበያ የሚወጣበትና ለሕፃኑ ቀጭን አጥሚት የሚቀርብበት ቤት ብዙ ነው። ሥጋና ጉበት ለሕፃን ሆድ ይከብዳል የሚለው እምነትም ገና አልጠፋም። ጾምም አለ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የመጾም ግዴታ የለባቸውም። ነገር ግን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ በሚጾምበት ቤት ድስቱና ጭልፋው እንዳይነካ ሲባል ለልጁ ብቻ ተብሎ እንቁላል ወይም ወተት ሳይሠራ ወራት ያልፋሉ። ችግሩ ከሃይማኖቱ ትእዛዝ ሳይሆን ከወጥ ቤት አሠራር የመጣ ስለሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የልጁ ድስትና ማንኪያ ለብቻው ይቀመጥ።

«ጤፍ አይረን ሞልቶታል» የሚለውም መጠነኛ ማስተካከያ ይፈልጋል። በጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ከፊሉ ከአውድማው አፈር የሚመጣ ነው። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም ብረቱን ይዞ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል፤ የሊጡ መቡካት ይህን ይቀንሰዋል። ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ብርቱካን ሲኖር ብረቱ ይበልጥ ይወሰዳል። ሻይ ሲከተለው ይቀንሳል፤ ለልጅ ከምግብ ጋር ሻይ መስጠት ብዙ ቤት የተለመደ ነውና ይታሰብበት። እህልና ጥራጥሬ ተቆልቶ የሚፈጨው ምጥን ጥሩ መነሻ ነው። እንቁላል፣ ትንሽ የተፈጨ ጉበት ወይም ወተት ሲገባበት ደግሞ የጎደለው ይሞላል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ሥዕሉ ይገለበጣል። እዚያ የሚታየው አንዱ ችግር የወተት መብዛት ነው። ቀኑን ሙሉ የላም ወተት በጡጦ የሚጠጣ የሁለት ዓመት ልጅ ወፍሮና ደልቶት እያለ የብረት እጥረት ሊኖርበት ይችላል፤ ወተት አይረን የለውም ማለት ይቻላል፣ ሆድ ሞልቶም ሌላውን ምግብ ይገፋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ከዓመት በላይ ላለ ልጅ በቀን ከ700 ሚሊ ሊትር ገደማ እንዳያልፍ ይመክራሉ። በእስራኤል ጢፓት ሐላቭ በሚባሉት የሕፃናት ጤና ጣቢያዎች ከ4 እስከ 18 ወር የአይረን ጠብታ እንዲሰጥ የሚመከረውም የብረት እጥረትን አስቀድሞ ለመከላከል ነው።

በማዕድ ዙሪያ የሚነገረው ቃል

ከ1986 እስከ 1989 በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን በሳሊ ግራንታም ማክግሬጎር መሪነት የተካሄደ ጥናት ለዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ አስተማሪ ነው። ከ9 እስከ 24 ወር የሆናቸው 129 የቀነጨሩ ሕፃናት በአራት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በየሳምንቱ ከወተት የተዘጋጀ ተጨማሪ ምግብ አገኘ። ለሁለተኛው የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሰዓት ቤት ድረስ እየሄደች እናትየዋ ከልጁ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ ታሳያት ነበር፤ መጫወቻውም ከቤት ቁሳቁስ የተሠራ ነው። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ፣ አራተኛው ምንም አላገኘም። ድጋፉ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ ምግቡም ጨዋታውም ለየብቻቸው የልጆቹን እድገት አሻሻሉ፣ ሁለቱን ያገኙት የበለጠ ተሻሻሉ። ልጆቹ ሲያድጉ የምግቡ ብቻ ጥቅም እየደበዘዘ ሄደ፣ የጨዋታና የወሬው ግን ጸንቶ ቆየ። 22 ዓመት ሲሞላቸው ጨዋታው የደረሳቸው ካልደረሳቸው 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው።

ይህ ምግብ አይጠቅምም ለማለት እንዳይወሰድ በጓቲማላ የሆነውን ማየት ይገባል። ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች በተደረገ ጥናት፣ አቶሌ የሚባል ፕሮቲን ያለበት አጥሚት መሰል መጠጥ በሕፃንነታቸው ያገኙ ልጆች፣ ጣፋጭ መጠጥ ብቻ ካገኙት ይልቅ ጎልማሳ ሲሆኑ አንብበው በመረዳት ተሽለው ተገኝተዋል፤ ወንዶቹም በሰዓት የሚያገኙት ክፍያ ከፍ ያለ ነበር። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ላነበበ፣ ቀድሞ የመጣ ምግብ አንጎሉን ያበጃል፣ አንጎሉ ግን ቃል የሚያገኘው ከሰው አፍ ነው።

ለብዙ ቤተሰብ ከትንሽ ልጅ ጋር ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ዋናው ሰዓት የምግብ ሰዓት ነው። ልጁ እጁን ወደ ሙዙ ይዘረጋል። እናቱ «ሙዝ? ሙዝ ነው የፈለግከው? ቆይ ልላጥልህ» ትላለች። ትልጣለች፣ ትቆርሳለች፣ «እንካ» ትላለች። ልጁ «ሙ» ይላል። «አዎ፣ ሙዝ! ጣፋጭ ነው አይደል? አለቀ፣ ልጨምርልህ?» በዚህች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ስም፣ ግስ፣ ጥያቄና መልስ አለ፤ ልጁም ተራውን ጠብቆ መልሷል። ቃሉ የተነገረው እሱ በሚያየው ነገር ላይ፣ እሱ በፈለገበት ቅጽበት ነው። ካትሪን ስኖው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ውስጥ የመሩት ጥናት፣ በማዕድ ዙሪያ የሚደረግ ወሬ ልጆች ሌላ ቦታ የማይሰሟቸውን ቃላት እንደሚያመጣላቸው አሳይቷል፤ መጽሐፍ ከማንበብም በላይ።

ይህ ሰዓት በሁለት ነገር ይጠፋል። አንዱ የቆየ ነው፤ መጋት። ሕፃኑ ጭን ላይ በጀርባው ይጋደማል፣ አጥሚቱ በእጅ መዳፍ ወደ አፉ ይፈስሳል፣ እሱ ይታገላል። ፊት ለፊት መተያየት የለም፣ ምርጫ የለም፣ ቃልም የለም፤ ትን የማለት አደጋም አለ። ሁለተኛው አዲስ ነው። «ስልክ ካላየ አይጎርስም» የሚለው ቃል አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ዱባይም እኩል ይሰማል። ልጁ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ አፉን ይከፍታል፣ ማንኪያው ይገባል፣ ሳህኑ ያልቃል። ብዙ በልቷል፤ አንድ ቃል ግን አላወራም፣ መጥገቡንም በራሱ አልተናገረም። በ2024 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት በሦስት ዓመት ልጆች ላይ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ የስክሪን ደቂቃ ልጁ ከአዋቂ የሚሰማው ቃል በ7 ገደማ፣ ራሱ የሚያወጣው ድምፅም በ5 ገደማ እንደሚቀንስ ለክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አይመከርም ያለውም በዚህ አቅጣጫ ነው።

ስልኩን ማስቀረት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከባድ ያደርጋቸዋል። ልጁ የሚበላው ይቀንሳል፣ እናትም ትጨነቃለች። ጤናማ ልጅ ግን ረሃቡን ያውቃል፤ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ቢቀርብለት ወደ መብላቱ ይመለሳል።

ከማዕድ የሚሰረዙት ምግቦች

ስኳር ጥርስን ያበላሻል፣ ሌላ ምግብም ይገፋል። ንግግር ያዘገያል የሚል ማስረጃ ግን የለም፤ ስኳር ልጆችን ያቅበጠብጣል የሚለው እንኳ በ1995 በተደረገ የጥናቶች ግምገማ አልተደገፈም።

ከስንዴና ከወተት መከልከል በተለይ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች እንደ መድኃኒት ይነገራል። ሐሳቡን የፈተሹት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፣ ውጤታቸውም አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም። የምግቡ ለውጥ በጀመረበት ወር ልጁ አዲስ ቃል ካወጣ ወላጅ ሁለቱን ማያያዙ ሰዋዊ ነው፤ ልጁ ግን በዚያው ወር አንድ ወር አድጓል፣ ምናልባትም ሥልጠና ጀምሯል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም የሚበሉት በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ከዚያ ላይ ወተትን መቀነስ ፕሮቲንና ካልሲየም ያሳጣቸዋል። እንጀራን ጨምረው የሚከለክሉም አሉ። ንጹሕ ጤፍ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን የለውም፤ ስንዴና ገብስ ናቸው ያላቸው። የስንዴ አለመስማማት በምርመራ የተረጋገጠበት ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው፣ በሐኪም ይመራል።

መጀመሪያ የሚመረመረው

በ12 ወር በስሙ ሲጠሩት የማይዞር፣ በጣቱ የማያመለክት፣ በ18 ወር አንድም ቃል የሌለው፣ በሁለት ዓመት «እማ ውኃ» ብሎ ሁለት ቃል የማያገናኝ፣ ወይም የነበረውን ቃል የተወ ልጅ መታየት አለበት። ቅደም ተከተሉ ጆሮ፣ ደም፣ ከዚያ የእድገት ግምገማ ቢሆን መልካም ነው። የመስማት ምርመራ ሳይደረግ ስለ ምግብ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። «ይናገራል ተዉት» የሚለው ምክር ለብዙ ልጆች እውነት ሆኖ ይገኛል፤ በርካታ ዘግይተው የሚናገሩ ልጆች ራሳቸው ይደርሳሉ። የትኛው እንደሚደርስ የትኛው እንደማይደርስ ግን በሁለት ዓመት ላይ በዓይን መለየት አይቻልም።

በአሜሪካ ሕጉ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ክፍያ እንዲገመገም፣ ሲቻልም በቤተሰቡ ቋንቋ እንዲሆን ያዛል። ቤት ውስጥ አማርኛ መናገር የቋንቋ ችግር ስለማያመጣ «እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት» የሚለውን ምክር መቀበል አያስፈልግም። አዲስ አበባ ላይ ዘሚ የኑስ በ2002 እንደመሠረቱት ጆይ ኦቲዝም ማዕከል ያሉ ተቋማት ብዙ ቤተሰብ ረድተዋል፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ግን ከፍላጎቱ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው፣ ከከተማ ሲወጣ ደግሞ የለም ማለት ይቀላል።

ገጠር ድረስ የምትደርሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ዛሬ ከሁለት ዓመት በታች ያለውን ልጅ ትመዝናለች፣ ክንዱን ትለካለች፣ ስለ ምግቡ ትጠይቃለች። በዚያው ቀጠሮ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ቢጨመሩ፣ ጆሮው ፈሶ ያውቃል ወይ፣ ከኋላው ሲጠሩት ይዞራል ወይ፣ ስንት ቃል አለው ወይ ተብሎ በካርዱ ላይ ቢጻፍ፣ አዲስ መሣሪያም አዲስ ሕንፃም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሥልጠናና ምልክት የታየበትን ልጅ የሚቀበል ጤና ጣቢያ ነው።